ስለ ድብርትና ስለ ዕፅዋት በጻፋችሁት ላይ የጎደለው ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በጤና አምዳችሁ ላይ ቀለል ላለ ድብርት ስለሚጠቅሙ ዕፅዋት ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩም አንብቦታል ምክንያቱም እኔ አዲስ አበባ ውስጥ መድሃኒት ቤት ነው ምሰራው፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ጽሁፉ ከወጣ በኋላ ጋዜጣውን አጥፈው በቦርሳ ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ፣ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም የተላላኩትማ ብዙ ናቸው። ስለ ድብርት ደፍራችሁ መጻፋችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ሰው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንደሚያወራው ስለዚህም ማውራት አለበት። ዕፅዋትን አለማጣጣላችሁም ጥሩ ነው። ነገር ግን ጽሁፉ መጨረሻ አካባቢ ከተፈጥሮ የተገኙ ስለሆኑ ምንም ጉዳት የላቸውም፣ ማንም ሰው ያለ ስጋት ሊወስዳቸው ይችላል የሚል ሀሳብ አለ፣ እሱን ሳነብ ነው ይሄን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት። ይሄ ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፣ ግን ሰው ይጎዳበታል።

መጀመሪያ ሰው ለምን ወደ ዕፅዋቱ እንደሚሄድ ልናገር፣ ምክንያቱም የሙያ ጓደኞቼም ይሄን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ድብርት ያለበት ሰው እኛ ጋ ሲመጣ ድብርት አለብኝ ብሎ አይመጣም። ራሴን ያቃጥለኛል ይላል፣ ጨጓራዬ ነው ይላል፣ ሰውነቴ ተሳሰረ፣ ልቤን ይጫነኛል፣ ደም አነሰኝ መሰለኝ ቫይታሚን ስጪኝ ይላል። እንቅልፍስ እንዴት ነው ስትሉት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣራ ሲያይ እንደሚያነጋ ይነግራችኋል፣ ምግብ አይበላለትም፣ ድሮ ይሞትለት የነበረው ኳስ እንኳን አያጓጓውም፣ ስልኩ ሲጠራ ማንሳት ያስጠላዋል። ስራ ግን ይሄዳል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። እንዲህ ያለው ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን ይዞት ሲቆይ ግን ኑሮውን ጨርሶ ሳያስቆመው ሲቀር ነው እንግዲህ ሀኪሞች ቀለል ያለ ብለው ሚመድቡት፣ ለተሸካሚው ግን ከባድ ነው።

ይሄ ሰው አማኑኤል ሂድ ቢባል አይሄድም። የአማኑኤል ስም ለስንት ዘመን ሰው መሳደቢያ ሆኖ የኖረ ነው፣ ሆስፒታሉ ስንት ሰው እንዳዳነ የሚያወራ ጥቂት ነው። አሁን ጳውሎስም ዘውዲቱም የአእምሮ ህክምና አለ፣ ጤና ጣቢያዎችም ላይ የሰለጠኑ ባለሙያዎች አሉ፣ ግን ሰው አያውቅም ወይ ደግሞ የሰፈር ሰው ካርድ ክፍል ያየኛል ብሎ ይፈራል። ፍሎክሰቲን የሚባለው የድብርት መድሃኒት ቢታዘዝለት ሱስ ያስይዘኛል ይላል (አያስይዝም)፣ አንዳንዴም መድሃኒቱ ራሱ ከገበያ ይጠፋል። እናቱ ግን ቤት ውስጥ ጤና አዳም አላት። መርካቶ የባህል መድሃኒት ሻጩ ሳያፍርበት ሳያሳፍረው ቁጭ አድርጎ ያዳምጠዋል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቱ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የገዛችውን እንክብል በሰው እጅ ትልክለታለች። እና ምን ያድርግ? ወደሚቀርበውና ወደማይንቀው ነው ሚሄደው፣ ይሄ አላዋቂነት አይደለም።

ደግሞ ከዕፅዋቱ አንዱ በደንብ የተፈተነ ነው። እናንተም የጠቀሳችሁት ሴንት ጆንስ ዎርት፣ በሳይንስ ስሙ ሃይፐሪከም ፐርፎራተም፣ ቢጫ አበባ ያለው የአውሮፓ ተክል ነው። ጀርመን ሀገር የመንግስት የዕፅዋት መድሃኒት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ያጸደቀው፣ እዛ ሀኪም በማዘዣ ይጽፈዋል፣ መድሃኒት ቤት ነው የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን 29 ጥናቶችን በጠቅላላ 5,489 ሰዎች የተካፈሉባቸውን ሰብስቦ አይቶ ከባዶ ኪኒን (ለማነጻጸሪያ ከሚሰጥ መድሃኒት ከሌለበት ኪኒን) የተሻለ፣ ከተለመዱት የድብርት መድሃኒቶች ጋር ተቀራራቢ፣ የጎንዮሽ ችግሩም ከነሱ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሀገሮች የተሰሩት ጥናቶች ላይ ውጤቱ ከሌሎቹ ጎላ ብሎ መታየቱንም ጽፈዋል። ከዛ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ህመማቸው ጠንከር ያለ 340 ሰዎች ላይ የተሰራ ትልቅ ጥናት ነበር፣ እዛ ላይ ሴንት ጆንስ ዎርቱ ከባዶ ኪኒን አልተሻለም፣ የሚገርመው በዋናው መለኪያ ሰርትራሊን የሚባለው የተለመደ የድብርት መድሃኒትም አልተሻለም ነበር። ስለዚህ ቀለል ላለውና መካከለኛ ለሆነው ይረዳል ብንል ከማስረጃው ጋር አንጣላም። የተጠናው ግን በዘፈቀደ የተፈላ ቅጠል አይደለም፣ ከተክሉ ተነጥሮ የወጣና መጠኑ ተለክቶ በኪኒን የተዘጋጀ ነው፣ ብዙዎቹ ጥናቶች ላይ 300 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለውጡም እንደ ሌሎቹ የድብርት መድሃኒቶች ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ወስዶ አልሰራልኝም ያለ አለ፣ ሦስት ቀን ወስዶ ዳንኩ ያለም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይሄ ተክል የሚሰራ ከሆነ መድሃኒት ነው፣ መድሃኒት ከሆነ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሌላ መድሃኒት ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፈውም። ጉበታችን የምንወስዳቸውን መድሃኒቶች የሚሰባብርባቸው ኢንዛይሞች አሉት፣ ብዙውን ስራ የሚሰራው ሲዋይፒ3ኤ4 ይባላል። ሴንት ጆንስ ዎርት ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን የሚባል ንጥረ ነገር ጉበት ይሄን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲያመርት ያዘዋል፣ አንጀት ላይ ያለውን መድሃኒት መልሶ የሚያስወጣውንም ነገር ያበዛዋል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ፣ ሰውዬው ሌላውን ኪኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ፣ አንድም ቀን ሳያሳልፍ፣ ደሙ ውስጥ የሚገኘው መጠን ግን እየወረደ ይሄዳል፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ህመም የለው፣ ምልክት የለው። የሚታወቀው መድሃኒቱ የሚከላከለው ነገር ሲመጣ ነው።

ይሄ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ የብሄራዊ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች በዛን ጊዜ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረውን ኢንዲናቪርን ከሴንት ጆንስ ዎርት ጋር ሰጥተው ሲለኩ የመድሃኒቱ መጠን ደም ውስጥ በ57 ከመቶ ወርዶ አገኙት። በዛው አመት በወጣ ሪፖርት ደግሞ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ ልብ የተቀየረላቸው ሁለት ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መቃወም ጀምሮ ነበር፣ ሲጣራ ሁለቱም ሴንት ጆንስ ዎርት ይወስዱ ነበር፣ ሰውነት አዲሱን ልብ እንዳይቃወም የሚወስዱትን ሳይክሎስፖሪን አውርዶባቸው ነው። የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት አስተዳደር ወዲያው ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ አየርላንድ ከናካቴው ያለ ሀኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አደረገች። አሜሪካ ግን ምግብ ማሟያ ተብሎ እስካሁን ከቫይታሚን ጎን ተደርድሮ ይሸጣል፣ የኛም እህቶችና ወንድሞች ከዛ ነው ገዝተው ሚልኩት፣ በቅንነት ነው ሚልኩት።

እኛ ሀገር ላይ ስናመጣው ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው ድብርት የሚይዘው ከሌላው ሰው በላይ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ጽሁፋችሁን አንብቦ ዕፁን ሊሞክር የሚችለው ሰው ራሱ ነው መድሃኒቱ እንዳይወርድበት የምንፈራለት። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ኪኒን ነው፣ እሱንም ሴንት ጆንስ ዎርት ያወርደዋል፣ አብረው አይወሰዱም። መጠኑ ሲወርድ ቫይረሱ ይነሳል፣ መድሃኒቱንም ይለማመደዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ የወሊድ መከላከያ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ክንድ ላይ የሚቀበረውን ኢምፕላኖን ገጠር ድረስ አድርሰውታል፣ ስንት ሴት ነው ክንዷ ላይ ቀብራ ሦስት አመት ተረጋግታ ምትኖረው። የእንግሊዝ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ክንድ ላይ መከላከያ እያለላቸው ሴንት ጆንስ ዎርት ወስደው ያረገዙ ሴቶች ሪፖርት ስለደረሰው ለሀኪሞች ማሳሰቢያ ልኳል። በየቀኑ የሚዋጠው ፒልስም እንደዛው ነው፣ ፖስት ፒልም እንደዛው። በሦስት ወር የሚወጋው መርፌና ሉፕ ላይ ግን ይሄ ችግር የለም፣ ይሄን ምጽፈው ሁሉም ነገር አደገኛ ነው ብሎ ሰው እንዳይሸበር ነው፣ ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል። አንዲት ደንበኛ ክንዷ ላይ ያለውን ስነግራት «እኔኮ ቅጠል ነው ብዬ ለነርሷም አልነገርኳትም» ነው ያለችኝ፣ ነርሷም አልጠየቀቻትም።

የልብ ህመምተኞቻችንን ደግሞ አስቡ። እኛ ጋ በልጅነት የጉሮሮ ህመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በር በሽታ ብዙ ነው፣ ወጣት ሆነው ቫልቭ የተቀየረላቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን በየቀኑ ወስደው በየጊዜው ደማቸውን እያስለኩ የሚኖሩ አሉ። ሴንት ጆንስ ዎርት ዋርፋሪንን ያደክመዋል፣ ሲደክም ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድሃኒትም ያወርዳል። ኩላሊት የተቀየረላቸውም አሉ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 መቀየር ጀምሯል፣ ውጪ ሄደው ተቀይሮላቸው የመጡም አሉ፣ እነሱ የሚወስዱት ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ዙሪክ ውስጥ የሆነው ነገር የሚሆንባቸው መድሃኒቶች ናቸው። የሚጥል በሽታ መድሃኒት ያለበትም ሰው ሀኪሙን ሳይጠይቅ ሴንት ጆንስ ዎርትን መንካት የለበትም።

ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ማውረድ ሳይሆን መደራረብ። የድብርት መድሃኒት ማለትም ፍሎክሰቲን ወይ ሰርትራሊን ወይ አሚትሪፕቲሊን እየወሰደ ያለ ሰው እንዲፈጥንልኝ ብሎ ሴንት ጆንስ ዎርት ቢጨምርበት ሁለቱም ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከፍ ስለሚያደርጉ ከልኩ ያልፋል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ተቅማጥ፣ መቃዠት ይመጣል፣ ሲከፋ ይገድላል። ትራማዶልም እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ትራማዶል ደግሞ አሁን ለወገብ ህመም ተብሎ በየቤቱ አለ። ድብርቱ አንዳንዴ ከልክ ባለፈ መነቃቃት፣ ሳይተኙ ማደር፣ ገንዘብ መበተን፣ ብዙ ማውራት እየተፈራረቀ የሚመጣበት ሰውም አይውሰደው፣ ያንን መነቃቃት ሊያስነሳበት ይችላል። ፀሀይ ላይ የሚውል ደግሞ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ሲያቆሙትም የጉበቱ ነገር ወዲያው አይመለስም ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ካቆማችሁም በኋላ ለሀኪማችሁ ንገሩ፣ በተለይ ዋርፋሪን ያላችሁ፣ ምክንያቱም ዕፁ ሲወጣ ዋርፋሪኑ ተመልሶ ይበረታና ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

ስለኛው ሀገር ተክሎችም ትንሽ ልበል፣ አንዳንድ ሰው የፈረንጁን ትተን የራሳችንን ብንጠቀምስ ይላልና። አሜጃ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ባሌ ከዲንሾ ወደ ላይ ስትወጡ ከኮሶው ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ በቢጫ አበባ አጊጦ የሚታየው፣ ሰሜን ተራሮችም ላይ አለ። የሴንት ጆንስ ዎርት ዘመድ ነው፣ አንድ ወገን ናቸው፣ ግን በዚህ ወገን ውስጥ ከ400 በላይ ዝርያ አለ፣ የተፈተነውም አንዱ ነው። ዘመድ ስለሆነ ይሄም ያው ነው ብሎ አፍልቶ መጠጣት አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገርም መጠኑም የአውሮፓው አይደለም። የአዲስ አበባም የሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ላይ ተክል የሚያጠኑ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች አሉን፣ አሜጃን በደንብ ቢሰሩልን ከልቤ ነው ምመኘው።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም፣ ሽታው ራሱ ሰው ያነቃል፣ ጨምቆ ጭማቂውን በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት አትሞክረው፣ ማህጸንን ያኮማትራል። ዛፍራን ከሳውዲና ከዱባይ የሚመጡ እህቶቻችን ያመጡታል፣ ቴህራን ውስጥ በቀን 30 ሚሊግራም ለስድስት ሳምንት ያህል ተሰጥቶ ከድብርት መድሃኒቶች ጋር የተነጻጸረባቸው ጥናቶች አሉ፣ ውጤታቸው ተስፋ ያለው ነው ግን ጥቂት ጥቂት ሰዎች ላይ የተሰሩ ናቸው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ማጭበርበር ይበዛበታል፣ የኛው የሱፍ አበባ ቅጠል ደርቆ ዛፍራን ተብሎ ይሸጣል፣ እሱን እየጠጡ ለውጥ መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጫትን ደግሞ ጽሁፋችሁ አልነካውም፣ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ምክንያቱም በዚህ ሀገር ለድብርት በብዛት የሚወሰደው ተክል እሱ ነው። ደብሮኝ ነው የቃምኩት የማይል ማን አለ። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ለተወሰነ ሰዓት ልብን ያነሳል፣ ሀሳብ ይፈሳል፣ ዓለም ሁሉ ይቻላል ያሰኛል፣ ከዛ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ከነበረበት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል፣ እንቅልፍ እንቢ ይላል፣ እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ ይገባል፣ ጠዋት ደግሞ ከነጭራሹ መነሳት ያቅታል እንደገና ጫት ይፈለጋል። ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም ይሄን ምለው፣ ብዙዎቹ መታከሚያ ፈልገው ነው የገቡበት፣ ግን ቀለል ያለው ድብርት በዚህ መንገድ ሲከብድ አይቻለሁ።

ተክል አይጎዳም የሚለውን በተመለከተ አንድ የሀገራችንን ታሪክ ብቻ ልጨምር። ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ጉበታቸው እየተበላሸ ሲሞቱ ነበር፣ መንስኤው ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባ ነበር፣ በኋላ ከውጪ የመጡም የሀገር ውስጥም ባለሙያዎች ተባብረው ሲያጣሩ እህል ውስጥ የሚቀላቀል የአረም ዘር ሆኖ ተገኘ። አረሙ ተፈጥሮአዊ ነው። ፋብሪካ የገባ ነገር የለበትም። ካቫ የሚባለውም የፓስፊክ ደሴቶች ተክል ለጭንቀት ተብሎ አውሮፓ ሲሸጥ ቆይቶ ጉበት ጎድቷል ተብሎ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ አስወጥታዋለች፣ በኋላ ፍርድ ቤት ክልከላውን ቢያነሳውም።

እና ሰው ምን ያድርግ ለምትሉኝ፣ ቀለል ላለ ድብርት የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው ኤምኤችጋፕ የሚባለው መመሪያ፣ ሀገራችንም ቀድመው ከሞከሩት አንዷ ናት፣ በኪኒን ጀምሩ አይልም። ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ያስጨነቀውን ነገር ለያይቶ አንድ በአንድ ማየት፣ እንቅልፍን ማስተካከል፣ እንቅስቃሴ፣ ከሰው አለመራቅ ነው ሚለው። ኪኒንም ዕፅም የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው። ከዛ በፊት ግን ምርመራ፣ ምክንያቱም ታይሮይድ ሲያንስ ልክ እንደ ድብርት ያደርጋል፣ ደም ማነስም ያደርጋል፣ እንቅርት በሚበዛበት ሀገራችን ላይ ታይሮይዱ ሳይታይ ዓመት ሙሉ ሻይ ሲያፈላ የሚኖር ሰው እንዳይኖር። መሞትን መመኘት፣ ራስን ስለመጉዳት ማሰብ፣ አለመብላት፣ ከአልጋ አለመውረድ ከመጣ ደግሞ የሻይ ጊዜ አይደለም፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ነው፣ ቤተሰብ ለብቻው አይተወው፣ ቤት ያለውን መድሃኒትም ከፊቱ ያንሳ።

ለሙያ ጓደኞቼ ሀኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ እባካችሁ ጠይቁ። የታዘዘልህ መድሃኒት አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ሻይም ቢሆን፣ ከውጪ የተላከም ቢሆን፣ ከባህል ሀኪም የተሰጠም ቢሆን ምትወስደው ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሲነግሯችሁ ደግሞ አትቆጡ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ቅጠል አፏን ስትከፍት «አሁንም እዚህ ነው ያላችሁት» የተባለች ሴትዮ እኔ ጋ መጥታ አልቅሳለች፣ ከዛ በኋላ ለየትኛው ሀኪም ነው ምትናገረው? ስትደበቅ ነው ምትኖረው። ጸበልና የኤችአይቪ መድሃኒት ላይ የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ ሰው እንጦጦ ሄዶ መድሃኒቱን ሲጥል ስንቱ አለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድሃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ሰው መደበቁን ትቶ ወደ መድሃኒቱ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተለት። እምነቱን ያልናቀበት ሰው ሲነግረው ነው የሚሰማው። የባህል ሀኪሞችም ከዚህ ውጪ አይደሉም፣ ብዙዎቹ የሚያምናቸው ሰው አላቸው፣ ሆስፒታል የሚወስዱት መድሃኒት አለ ወይ ብለው መጠየቅ ቢጀምሩ ከኛ ይልቅ እነሱ ብዙ ሰው ያተርፋሉ።

ውጪ ላላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ምን መድሃኒት ትወስዳለህ በሉ፣ የማይነግራችሁ ነገር ሊኖር ስለሚችል ደግሞ ከመጀመርህ በፊት ሀኪምህን ወይ ፋርማሲ ጠይቅ የሚል ወረቀት ከጠርሙሱ ጋር አብራችሁ ላኩ። ጠርሙሱ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ በደቃቅ ፊደል ነው፣ እዚህ የሚያነበው የለም።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ዕትም በዛው የጤና አምድ ላይ፣ በዛው ስፋት፣ ከሴንት ጆንስ ዎርት ጋር የማይወሰዱትን መድሃኒቶች ሰው በሚያውቃቸው ስም አውጡልን፣ የኤችአይቪ ኪኒን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ፒልስ፣ ፖስት ፒል፣ ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መድሃኒት፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት፣ የድብርት መድሃኒቶች፣ ትራማዶል። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ እናቶች ያለ መነጽር እንዲያነቡት። እኔ ቆርጬ መድሃኒት ቤታችን መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሌሎች የማውቃቸው ፋርማሲዎችም እንለጥፋለን ብለውኛል፣ ለማረም የሚያግዛችሁ ባለሙያ ካስፈለጋችሁ ደግሞ አድራሻዬን ከደብዳቤው ጋር ለብቻው ልኬላችኋለሁ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ